እሜቴን ማን ይንዳት?

በአንድ ወቅት ድሬዳዋ ላይ ጋሽ ሽብሩ የሚባሉ ሹፌር ነበሩ። ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት በጭጋግም በዝናብም ያውቁታል። መኪናቸው ፔጆ 404 ናት፤ ሰማያዊ፣ ጣሪያዋ ነጭ። ስሟ እሜቴ ይባላል። ስሙን ያወጡላት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱን ሲጠየቁ «አይታችኋት አታውቁም እንዴ?» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም። እሜቴ በሠላሳ ስምንት ዓመት የሥራ ዘመኗ አንድም ቀን ዳገት ላይ ተሳፋሪ አስወርዳ አላስገፋችም። ይህን ሲናገሩ የጋሽ ሽብሩ ደረት አንድ ስንዝር ወደ ፊት ይመጣል። ሰፈሩ ውስጥ ይህን ወሬ ከሦስት ጊዜ በታች የሰማ ሰው አልነበረም።

ከዕለታት አንድ ቀን ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጣና ሐኪም መሪ እንዳይነኩ ከለከላቸው። እሜቴን በግቢያቸው ካለው የኒም ዛፍ ሥር አቆሟት። እንደ ቆመች አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ጋሽ ሽብሩ በየሳምንቱ እሑድ አቧራዋን በእርጥብ ጨርቅ ይጠርጋሉ፤ መስታወቷን ያብሳሉ፤ ቁልፉን ግን ከአንገታቸው አላወለቁም።

ታዲያ የልጅ ልጃቸው ሜላት ሐረር ልትዳር ሆነ። አንድ ቀን መጥታ አጠገባቸው ተቀመጠችና «አባባ፣ እናቴ ከዚህ ቤት የወጣችው በእሜቴ ነው። እኔስ?» አለቻቸው።

«አንቺም በእሜቴ!» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

ኩራት ቀድሞ ይመልሳል፤ ሐሳብ ኋላ ይደርሳል። ዕለቱ ጥር ሁለት ነበር፤ ሠርጉ የተቆረጠው ለጥር ሃያ ሦስት ነው።

ባትሪ ተገዛላት፤ ጎማ ተቀየረላት፤ ፍሬኗ ታየ። የሰፈሩ መካኒክ ካርቡሬተሩ ላይ ጥቂት ቤንዚን ጠብ አድርጎ ቁልፉን ሲያዞር እሜቴ ጉሮሮዋን ጠርጋ ተነሳች። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ። ጋሽ ሽብሩ ጋቢና ተቀምጠው፣ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው፣ እንደ ባለሥልጣን እያውለበለቡ ወጡ። ደቻቱ ድልድይ ሲደርሱ እሜቴ ሦስት ጊዜ አሳላትና ቀጥ አለች። በሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተገፋችው መኪና በሰባት ጎረምሳ እየተገፋች ወደ ቤቷ ተመለሰች። ጋሽ ሽብሩ ያን ቀን ምሳ አልበሉም።

መካኒኩ የቤንዚን ማጣሪያውን ፈትቶ መዳፉ ላይ ገለበጠው። የወጣው ቀይ ጭቃ ነው።

«ሰርባቶዮው ነው» አለ። ሰርባቶዮ በጋራዥ ቋንቋ የቤንዚን ጋኑ ነው። «ውስጡን ዝገት በልቶታል። አዲስ አይገኝለትም። ተወው፤ አንድ ጀሪካን ከኋላ እናስቀምጥና በቱቦ እናጠጣት። ስንቱ እንደዚህ አይደለም የሚሄደው?»

«እሜቴ ጡጦ አትጠባም!» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደንገጎ ላይ ቱቦው ቢወልቅስ? ሙሽራዬን ለእሳት ልዳራት?»

በማግስቱ ሹፌሮች ከሚሰበሰቡበት ጥላ ሥር ሄዱና ሁሉም እየሰማ ተናገሩ። «የእሜቴን የራሷን ሆድ አጽድቶ፣ ደፍኖ፣ ቤንዚን ያስያዘልኝ ሰው ሙሽራዋን የሚነዳው እሱ ነው። ሙሽራዋን የነዳ ደግሞ ቁልፉን አይመልስልኝም። እሜቴ የሱ ናት።»

ይህን ያሉት አንድ ሰው ይመጣል ብለው ነው። በሕይወታቸው ከተሳሳቱት ስሌት ሁሉ የከፋው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የመጣው ጉርሜሳ ነው። ጉርሜሳ እሜቴ ላይ ዘጠኝ ዓመት ረዳት ነበር። ያኔ ጋሽ ሽብሩ ትከሻውን መታ እያደረጉ «እኔ የወረድኩ ቀን አንተ ትወጣለህ» ይሉት ነበር። የወረዱ ቀን ግን መኪናዋም አብራ ቆመች፤ ጉርሜሳም ሳቢያን ሰፈር ካለ ሕንፃ ግንባታ ገብቶ የኮንክሪት ሚክሰር አንቀሳቃሽ ሆነ። ስለዚያ ቃል አንድም ቀን አንስቶ አያውቅም።

ጉርሜሳ መኪናዋ ሥር ተኝቶ የጋኑን መክፈቻ ፈታ። ቤንዚን ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ውሃ መጣ። ሻይ የመሰለ ቀይ ውሃ፣ አንድ ባልዲ ሞልቶ ሌላ የሚጠይቅ።

«ጋሼ፣ ይሄ ውሃ ከየት ገባ?» አለ። ድሬ ላይ አባትም ቢሆን አንተ ነው የሚባለው፤ አክብሮቱ «ጋሼ» ላይ ያልቃል። «ዝናብ ነው እንዳልል ክዳንህ ደህና ነው።»

የጋሽ ሽብሩ ባለቤት እትዬ አሰገደች ደጃፉ ላይ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ውሃ አይደለም፤ ጸበል ነው» አሉ።

«ምን?»

«በየዓመቱ ከታኅሣሥ ገብርኤል ንግሥ አንድ ጠርሙስ አመጣላታለሁ። ቆማ ዓይን እንዳይበላት ብዬ በቤንዚን መቅጃዋ አጠጣታለሁ። ታዲያ እሷ በየት ትጠጣ?»

ጋሽ ሽብሩ ጎንበስ ብለው ባልዲውን አሸተቱ። «ዓይን አልበላትም፣ አሰገደች» አሉ ቀና ብለው። «ዝገት በላት እንጂ።»

«ብትሰረቅስ ኖሮ? ቢያቃጥሏትስ?» አሉ እትዬ አሰገደች ሳያፍሩ። «ዛሬ የምታጥቡት ነገር ስላገኛችሁ አመስግኑ።»

ጉርሜሳ ሳቁን ዋጠ። ከዚያ ሌላ ሰው የማያደርገውን አደረገ። ጸበል ሰው በሚረግጠው መሬት አይደፋም፤ ቤንዚን የነካው ውሃ ደግሞ ዛፍ ሥር አይፈስም። ስለዚህ ከላይ የተንሳፈፈውን አሮጌ ቤንዚን ለብቻው ቀዳ፤ ውሃውን በሁለት ጀሪካን ሞላና በትከሻው ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ወሰደው። የት እንደሚያፈሱት ቄሶቹ ይወቁበት ብሎ አስረከበ። እትዬ አሰገደች ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን በራሳቸው እጅ ያቀርቡለት ጀመር።

ጋኑን አወረደው። ውስጡ የተቆራረጠ የሞተር ሳይክል ሰንሰለት፣ ሁለት እፍኝ ዳዶ፣ ውሃና የሳሙና ዱቄት ጨመረ። በአሮጌ ፍራሽ ጠቀለለው፣ በገመድ ጠፈረውና ሚክሰሩ ሆድ ውስጥ አስገባው። ሠራተኛው ሲወጣ ሚክሰሩን አስነስቶ እስኪመሽ ያሽከረክረዋል፤ ያፈሳል፤ እንደገና ይሞላል። በአራተኛው ቀን አለቃው ደረሰበትና «ይሄ ዕቃ የሕንፃ ነው የሠርግ?» ብሎ ለአንድ ሳምንት ከሥራ አገደው። ጉርሜሳ አልተከራከረም። ፍራሹን ፈትቶ ጋኑን ተሸክሞ ወጣ።

ሰንሰለቱ የማይደርስበት ማዕዘን ነበር። ለዚያ ደግሞ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ሮቃ የሚባለውን የዛፍ ፍሬ ስድስት ኪሎ ገዛ። የመዳብ ዕቃ የሚያጸዱ ሴቶች ጎምዛዛው ሮቃ ዝገትን እንዴት እንደሚያስለቅቅ ያውቃሉ፤ እሱም ከእናቱ አይቷል። በሞቀ ውሃ በጥብጦ ሁለት ቀን አስቀመጠበትና ደጋግሞ አጠበው። ሲያጋድለው ውስጡ እንደ አዲስ ሳንቲም ያበራ ነበር። ጋሽ ሽብሩ ጣታቸውን አስገብተው ዳበሱ፤ ብረቱ ልሙጥ ነው። «የኔ ረዳት!» አሉ፣ ትከሻውን መታ አድርገው።

ጉርሜሳ ጋኑን ወደ ፀሐይ አነሳና በመቅጃው ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጮለቀ። ጨለማው ውስጥ ብርሃን በነጥብ በነጥብ ይገባል። ቆጠራቸው፤ አሥራ ሰባት ናቸው። ለካ ቀዳዳዎቹን ይዞ የኖረው ዝገቱ ራሱ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ መካኒኩ።

«ቀዳዳው የነበረ ነው» አለ ጉርሜሳ። «አሳየሁት እንጂ አልበሳሁትም።»

ቀዳዳ ደፋኙ ነጅብ ነው። ነጅብ ከጉርሜሳ በፊት አምስት ዓመት የእሜቴ ረዳት ነበር፤ አሁን ቀፊራ ውስጥ ቆርቆሮ ሠሪ ነው፤ ኩራዝ፣ ባልዲ፣ የውሃ ማጠጫ ይሠራል። ስታኞ በሚሉት፣ ቀልጦ ቆርቆሮ በሚያጣብቀው ብረት የያዘው ነገር እንደማይለቅ ገበያው ሁሉ ይመሰክርለታል። ነገር ግን ታላቅ ወንድሙ የቤንዚን በርሜል ሲበይድ ፈንድቶበት ነው የሞተው። ነጅብ ያንን በዓይኑ ስላየ የቤንዚን ዕቃ በእጁ ላይነካ ምሏል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ነጅብ ግን ልጡን ሳይሆን እባቡን ነው የሚያውቀው።

ጋሽ ሽብሩ ሱቁ ድረስ ሄደው ለመኑት። «አቦ ጋሼ፣ ሌላ ነገር ጠይቀኝ» አለ። በማግስቱም ሄዱ፤ ቆርቆሮውን መቀጥቀጡን ቀጠለ። በሦስተኛው ቀን አልሄዱም፤ አፍረው ቤታቸው ተቀመጡ። ያን ቀን ነጅብ ራሱ መጣ። ሌሊቱን እንዳልተኛ ከዓይኑ ያስታውቃል።

«ወላሂ ለመኪናዋ ብዬ አይደለም» አለ። «አባቴ የሞተ ቀን ሬሳውን ከሐረር ያመጣህልኝ አንተ ነህ፤ በእሜቴ። ሌላው ሹፌር ሁሉ እምቢ ሲል።»

ሚስቱንና ልጆቹን አክስቱ ቤት ላከ። ጋኑን ሰው ከሌለበት ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ መሐል አሸዋው ላይ አስቀመጠው። በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠበው። ከዚያ ጢም እስኪል ውሃ ሞላበት፤ የሚሠራበትን ጎን ብቻ ወደ ላይ አድርጎ ጥቂት ባዶ ቦታ ተወለት። ቤንዚን ሽታው ከወጣ በኋላም ብረት ስፌት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ የሚገድለውም ያ ነው። ከሰሉን ሃያ እርምጃ ርቆ አቀጣጠለ። የመዳብ መተኮሻውን እዚያ አግሎ በሩጫ ወደ ጋኑ ይመጣል፤ አንድ ቀዳዳ ላይ ስታኞ ያንጠባጥባል፤ መተኮሻው ሲቀዘቅዝ ወደ ከሰሉ ይመለሳል። በድሬ ፀሐይ፣ በአሸዋ ላይ።

ጋሽ ሽብሩ ወንዙ ዳር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው የሚያሳያቸው ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ጥላ ብቻ ነው። በልባቸው ይቆጥራሉ። አሥራ ሁለተኛው ላይ «ቡፍ» የሚል ድምፅ ሰሙ፤ ጥላው ወደቀ።

«ነጅብ!» ብለው በሁለት እጃቸው እየዳበሱ አሸዋው ውስጥ ገቡ።

ስፌቱ ውስጥ የተደበቀችው የቤንዚን እንፋሎት ነበረች። ቅንድቡን በልታዋለች፤ የግራ መዳፉን ልጣዋለች። ነጅብ ግን ተነስቶ ተቀምጧል። «ደህና ነኝ፤ ተመለስ ጋሼ። አምስት ይቀራል» አለ። መዳፉን በሻሹ ጠቅልሎ አምስቱን ጨረሰ። ጋሽ ሽብሩ ያን ቀን አለቀሱ፤ ከፍርሃት ነው ከኩራት እሳቸውም አልለዩትም።

ለሙከራ ጋኑን ላምባ ሞሉት፤ ላምባ ሾልኮ ያልወጣበት ነገር ቤንዚን ይይዛል። ማታውን አንድም ጠብታ አልነበረም። ጠዋት ሲያዩት ግን ስፌቶቹ ወርዝተዋል። ነጅብ ጣቱን አሳለፈበትና አሸተተ።

«ቀዳዳ የለም» አለ። «ይሄ ላብ ነው። ብረቱ ሳስቷል። ላብ በስታኞ አይደፈንም።»

ሠርጉ ሰባት ቀን ቀርቶታል። ጋሽ ሽብሩ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ጀሪካን አሰቡ።

ሦስተኛዋ ሳትጠራ መጣች። ብርቅነሽ ትባላለች። በዚያ መንገድ ላይ በር ይዛ «ሐረር! ሐረር!» ያለች ብቸኛ ሴት ረዳት እሷ ነበረች፤ አራት ዓመት ከጋሽ ሽብሩ ጋር ሠርታለች። አንድ ቀን መሪ እንዲያስተምሯት ጠየቀቻቸው። «ደንገጎ ለሴት ልጅ አይሆንም» አሏት። ብርቅነሽ አልተከራከረችም፤ በማግስቱ ግን አልመጣችም። ከዚያ በኋላ ለራሷ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ሥራዋ ግን ሌላ ሆነ፤ አፍና አፍንጫዋን በጭንብል ሸፍና ትልልቅ የነዳጅ ጋኖች ውስጥ እየገባች ግድግዳቸውን ትቀባለች።

ጋኑን አገላበጠች፤ ጣቷን ከተተች፤ ስታኞዎቹን አንድ በአንድ ነካች።

«ማነው ያጸዳው?»

«ጉርሜሳ።»

«ማነው የደፈነው?»

«ነጅብ።»

«አልሰነፉም» አለች፤ ፈገግ ብላ። «ዝገት ቢኖርበት ቀለሜ አይዝም ነበር። ቀዳዳ ቢኖርበት ፈስሶ ያልቅ ነበር። ላቡን ለኔ ተዉት።»

የያዘችው ነዳጅ የማይበላው የጋን ቀለም ነው። ሁለት ጣሳ ነው፤ አንዱ ከሌላው ሲደባለቅ እየጠነከረ ሄዶ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ከተደባለቀ በኋላ ሐሳብ መቀየር የለም። ብርቅነሽ ከዚህ ሌላ አልነበራትም። ሁለት ዓመት ያስቀመጠችው ከቅጥር ወጥታ በራሷ ስም ለምትይዘው የመጀመሪያ ሥራ ነበር፤ የአንድ ዳቦ ቤት የናፍታ ጋን። ዳቦ ቤቱ በዚያው ሳምንት ሊያሠራት ቀጥሯታል። እሷ ግን ጣሳዎቹን ጋሽ ሽብሩ ግቢ ውስጥ ከፈተቻቸው፤ ዳቦ ቤቱም ሌላ ሰው ፈለገ።

ጋኑን ሙልጭ አድርጋ አደረቀች፤ ቀለሙን አማስላ አፈሰሰችበት፤ አፎቹን ሁሉ ደፈነች። ከዚያ ኒሙ ሥር ተቀምጣ ጋኑን ጭኗ ላይ አደረገችና ታዞረው ጀመር። እስከ ሃምሳ ቆጥራ ሩብ ዙር፤ እንደገና እስከ ሃምሳ ቆጥራ ሩብ ዙር፤ ከዚያ ራሱን ወደ እግሩ። አንድ ቦታ ከቆመ ቀለሙ ተንጋልሎ ይተኛል፤ አንዱ ጎን ሲወፍር ሌላው ይራቆታል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አዞረች። ጉርሜሳ ላግዝሽ አላት።

«እጅ ከተለዋወጠ ቆጠራው ይለያያል» አለችው።

ምሳ በእጃቸው ያጎረሷት እትዬ አሰገደች ናቸው። ጋሽ ሽብሩ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ዋሉ። በሹክሹክታ ስትቆጥር ይሰማቸዋል። ሃያ ዓመት ደረታቸው ላይ የተቀመጠ ነገር ሊወጣ ፈለገ።

«ብርቅነሽ፣ ያኔ እኔ ያንን ስልሽ...»

«አሁን አታናግረኝ ጋሼ፤ ቆጠራ ይጠፋኛል።»

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተረፈውን አንጠፈጠፈች፤ ጋኑን ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና እጇን ወደ ታች ጣል አድርጋ ተቀመጠች። ያንን ማታ ራት የበላችው በሰው እጅ ነው።

አራት ቀን ጠበቁ። ጋኑን ገጠሙት፤ ሰላሳ ሊትር ቤንዚን ሞሉት፤ ከሥሩ ነጭ ወረቀት አነጠፉ። ጠዋት ወረቀቱ ነጭ ነበር። ለሙከራው መሪ የያዘው የሰፈሩ መካኒክ ነው፤ ሦስቱ ከኋላ ተቀመጡ፤ ጋሽ ሽብሩ ጋቢና ገቡ። እሜቴ ደንገጎን እስከ መጨረሻው ኩርባ ወጣች። አላሳላትም፤ አላቃሰተችም። ጋሽ ሽብሩ እያንዳንዱን ማርሽ በጆሯቸው ተከታተሉ። አናቱ ላይ ወርደው ማጣሪያውን አስፈቱና አሸተቱት፤ በጣታቸው ዳበሱት። ጭቃ የለም። «እሜቴ ናት!» ብለው ለተራራው ጮኹበት፤ አብረዋቸው የቆሙት አራቱም ሰዎች የሚያዩበት ጠፋቸው።

የሠርጉ ዕለት ደረሰ። እሜቴ ታጥባ፣ አበባ ታስሮላት በሩ ላይ ቆማለች፤ ሞተሯ ይሠራል። ሜላት ከሚዜዋ ጋር ከኋላ ገብታለች። ሐረር ላይ ሙሽራው ይጠብቃል። ጋሽ ሽብሩ በአዲሱ ልብሳቸው የሾፌሩ በር አጠገብ ቆመዋል፤ እሜቴ ሁለተኛ ቁልፍ የላትምና ያለው አንዱ መሪው ሥር ተሰክቷል፤ መተላለፉን ለማሳየት ግን የቁልፉን ክር አንገታቸው ላይ አድርገዋል። ሦስቱም መጡ። ሦስቱም ለብሰዋል፤ ሦስቱም መንጃ ፈቃድ ኪሳቸው ውስጥ አለ።

«ቃሉ ‹ያጸዳ› ነው የሚለው፤ ቀድሞ የተባለውም እሱ ነው» አለ ጉርሜሳ። «ዝገቱ ሳይወጣ እነሱ ምን ላይ ይሠሩ ነበር? ደግሞም የወረድክ ቀን እንደምወጣ ነግረኸኛል።»

«ጉርሜሳ ሥራውን አጥብቆ ሠርቷል፤ አልክድም» አለ ነጅብ፣ በሻሽ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «እሱ ያጠበው ግን ወንፊት ሆነ። ሌላው ጉልበቱን ሰጠ። እኔ ነፍሴን ነው ያስያዝኩት፤ መሐላዬንም አፈረስኩ።»

«ሁለቱም ከጨረሱ በኋላ ጋሼ ስለ ጀሪካን ሲያስብ ነበር» አለች ብርቅነሽ። «‹ቤንዚን ያስያዘ› ብሏል። ማን አስያዘ? የነበረኝን ጣሳ ከፈትኩ። ያ ወንበር ደግሞ አንዴ ተከልክዬዋለሁ።»

መልሱ ለሰው ሁሉ ቀላል መሰለው፤ ሲነካካ ግን ከበደ። ጉርሜሳን ቢሉ፣ ጋኑን ወንፊት አድርጎ ያስረከበው እሱ ነው፤ ቢሆንም ከሥራው ታግዶበታል። ነጅብን ቢሉ፣ ሁለት ቀን እምቢ ብሎ ያስጨነቃቸው እሱ ነው፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው ተራ የሆነው ነገር ለእሱ ሞት ነበር። ብርቅነሽን ቢሉ፣ በተጠረገ መንገድ መጨረሻ ላይ የደረሰች ናት፤ ቢሆንም መንገዱን የጨረሰችው እሷ ናት።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ተካፍለው ይንዷት፤ አንዱ እስከ ደንገጎ፣ አንዱ እስከ ሐረማያ፣ አንዱ እስከ ሐረር» አሉ።

«ሎሚ ይከፈላል፤ መሪ አይከፈልም» አሉ ጋሽ ሽብሩ።

«ደግሞ ሙሽራ የጫነች መኪና መንገድ ላይ አትቆምም፤ ገድ አይደለም» አሉ እትዬ አሰገደች። በዚህ ነገር ማንም አልተከራከራቸውም።

«እንግዲያው ቃሉን አንሳው» አለ መካኒኩ። «ሠርጉ ይለፍና ትነጋገራላችሁ።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ይኸው የወለድኳት ልጅ ልጅ እሜቴ ውስጥ ተቀምጣለች። ቃሌን በልቼ እሷን ልሸኝ?»

ሜላት በመስኮቱ ብቅ አለች። «አባባ፣ እኔ በሦስቱም ደስ ይለኛል። ግን ረፍዷል።»

ጋሽ ሽብሩ ክሩን ከአንገታቸው አወለቁት። ሦስቱንም እሳቸው ናቸው መንገድ ያስተማሯቸው። ሦስቱም እሜቴ በር ላይ ተንጠልጥለው ሰው ሆነዋል። ከሁሉም ከሁሉም የኮሩት በዚህ ነው፤ ያን ሰዓት ደግሞ ያስጨነቃቸው ይኸው ኩራት ነው። አንደኛው ባይኖር እሜቴ ዛሬም ኒሙ ሥር ነበረች። ይህንን ሦስት ጊዜ ለራሳቸው አሉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ሌላ ስም እየጠሩ።

ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ሦስት እጅ ወደ እሳቸው መጣ፤ አንዱ በሲሚንቶ የተሰነጣጠቀ፣ አንዱ በሻሽ የተጠቀለለ፣ አንዱ የጋን ቀለም የደረቀበት።

እኔ ይህን ወሬ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። የነገሩኝ ሰዎች ከዚህ በኋላ ያለውን ሊነግሩኝ ሲጀምሩ ተጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ሌላ ሰው መሪው ላይ አስቀመጡልኝ። እናንተ ዳኝነቱን ውሰዱት፤ መኪናዋ ሞተሯ እየሠራ ነው፤ ሙሽራዋ ውስጥ ናት፤ ቁልፉ አንድ ነው። ያጸዳው ጉርሜሳ ነው፣ ደፋኙ ነጅብ፣ ወይስ ቤንዚኑን ያስያዘችው ብርቅነሽ? እሜቴ ለማን ትገባለች?